የተስፋ ቃል ሲዘገይ የእግዚአብሔርን እውነተኝነትና ታማኝነት እንዴት እንመን?

ሊድያ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እግዚአብሔር አይዋሽም፣ ቃሉንም አያጥፍም የሚለውን ሁላችንም እንቀበላለን። ጭንቁ የሚመጣው ይህ እምነት ወደ ኑሮ ሲወርድ ነው። አንድ ሰው ጥቅስ ይዞ ለዓመታት ይጸልያል፣ ነገሩ ግን አይሆንም። ሌላው ደግሞ በጉባኤ መካከል «ጌታ እንዲህ ይልሃል» ተብሎለት፣ የተባለው ሳይፈጸም ጊዜው አልፏል። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት መደምደሚያ ብቻ የቀረው ይመስለዋል፤ ወይ እግዚአብሔር አልታመነም፣ ወይ የእኔ እምነት አልበቃም።

«ዝም ብለህ ታመን» ከሚለው ያለፈ መልስ እፈልጋለሁ። የትኛው የተስፋ ቃል ለእኔ እንደተሰጠ በምን አውቃለሁ? መዘግየቱንስ እንዴት ልረዳው? በየዕለቱ ምን ባደርግ ነው ይህ መታመን ከአፍ አልፎ ልብ ውስጥ የሚገባው?

ቤርያዊው

እህቴ ሊድያ፣ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ችግሩ እዚያ ነው ያለው። እግዚአብሔር ያላለውን እንዳለ አድርገን ይዘን ሊሆን ይችላል። እርሱ የታመነው ለተናገረው ቃል ነው። እኛ በቃሉ ላይ ለጨመርነው የገባው ኪዳን የለም። ስለዚህ መታመን የሚጀምረው «በእርግጥ ምን አለ?» ብሎ ከመጠየቅ ነው፤ ይህን መጠየቅ ደግሞ ቃሉን ማክበር እንጂ መጠራጠር አይደለም።

አንድ የተስፋ ቃል ስታነቢ መጀመሪያ ለማን እንደተነገረ እይ። ከዚያ ቅድመ ሁኔታ እንዳለው፣ ጊዜ እንደተወሰነለት፣ ምን ቃል እንደገባና ምን እንዳልገባ ለይ። በመጨረሻ በክርስቶስ በኩል ወደ አንቺ እንዴት እንደሚደርስ ጠይቂ። 2 ቆሮንቶስ 1፥20 የእግዚአብሔር ተስፋዎች ሁሉ «አዎን» የሚባሉት በክርስቶስ ነው ይላልና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አይዘለልም።

በጣም የሚጠቀሰውን ኤርምያስ 29፥11ን እንውሰድ። «የሰላም አሳብ» የሚለው ቃል ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ከተላከ ደብዳቤ የተወሰደ ነው። ከፍ ብሎ ቁጥር 5 እና 6 ላይ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላል። ቁጥር 10 ደግሞ ወደ አገራቸው የሚመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ለአካለ መጠን ከደረሱት አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው እንደማያዩ ከደብዳቤው ራሱ መረዳት ይችሉ ነበር። እንግዲህ ይህን ቃል ነጥሎ «በዚህ ዓመት ሥራ አገኛለሁ» ለሚል ትርጉም መጠቀም ደብዳቤውን መቅደድ ነው። ከደብዳቤው ወደ እኛ የሚደርሰው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሕዝቡን በቅጣት ውስጥ እንኳ አይተውም፣ የጀመረውንም ዓላማ ከአንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ ተሻግሮ ይፈጽማል።

ሌላው 1 ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። «እግዚአብሔር ከአቅምህ በላይ መከራ አያመጣብህም» እየተባለ ይሰበካል። ጥቅሱ ግን የሚናገረው ወደ ኃጢአት ስለሚገፋ ፈተና ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 14 «ከጣዖት አምልኮ ሽሹ» ይላልና። ቃል የገባው መውጫ እንደሚያዘጋጅ ነው። ስለ መከራ ከሆነ ያው ጳውሎስ በ2 ቆሮንቶስ 1፥8 በእስያ ከአቅማቸው በላይ እንደከበዳቸውና በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስኪቆርጡ እንደደረሱ ይጽፋል። በዚያ ቦታ የተማረው ሙታንን በሚያነሣው አምላክ መታመንን ነበር። ጥቅሱን በተሳሳተ መንገድ የያዘ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሐዘን ሲመጣበት «ዋሸኝ» ይላል፤ ያ ቃል ግን ፈጽሞ አልተሰጠውም።

ምሳሌ 22፥6ን («ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው») የያዙ ወላጆችም እንዲሁ ይጎዳሉ። መጽሐፈ ምሳሌ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚሄዱ የሚያስተምር የጥበብ መጽሐፍ ነው። በየአንዳንዱ ልጅ ላይ የተፈረመ ኪዳን አድርጎ መውሰድ፣ ልጃቸው የራቀባቸውን ሰዎች ያለ ጥፋታቸው መክሰስ ይሆናል።

ጥቅስን ከቦታው ነጥሎ መጠቀም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማቴዎስ 4፥6 ያሳያል። ሰይጣን ጌታን «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው መዝሙር 91፥11–12ን ጠቅሶ ነው፤ ሲጠቅስ ግን «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ሐረግ ዘልሎታል። ጌታም የመለሰው ከዘዳግም 6፥16 ጠቅሶ፣ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ በመናገር ነው። መዝሙሩ እውነት ነው፤ የተዘለለው ሐረግ ግን አጠቃቀሙን ሐሰት አደረገው።

ያለ ጥርጥር ለሚያምን ሁሉ የተሰጡትን ከፈለግሽ ከእነዚህ ጀምሪ። ለሚናዘዝ ኃጢአቱን ይቅር እንደሚል (1 ዮሐንስ 1፥9)፣ ወደ እርሱ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ እንደማያወጣ (ዮሐንስ 6፥37)፣ እንደማይለቅና እንደማይተው (ዕብራውያን 13፥5)፣ የጀመረውን መልካም ሥራ እንደሚፈጽም (ፊልጵስዩስ 1፥6)፣ ከፍቅሩ የሚለየን እንደሌለ (ሮሜ 8፥38–39)። አንድ ሰው ሥራ፣ ትዳር ወይም ፈውስ ከመጠበቁ በፊት እነዚህ ላይ ቢቆም፣ ሌላው ቢዘገይ እንኳ መሠረቱ አይናጋም።

መልሕቅ

ቤርያዊው በደንብ አስረድቷል። እኔ ስለ መዘግየቱ ልጨምር።

የአብርሃምን ዕድሜ በቅደም ተከተል ያዙት። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር (ዘፍጥረት 12፥4)። እስማኤል ሲወለድ 86 (16፥16)፣ ኪዳኑ በግዝረት ሲታተም 99 (17፥1)፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 (21፥5)። በምዕራፍ 16 መጨረሻና በምዕራፍ 17 መጀመሪያ መካከል 13 ዓመት አለ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔር ለአብርሃም ስለ መናገሩ የተጻፈ ነገር የለም። ለእኛ ግን ገጹን ስንገልጥ ያልፋል።

እስማኤል የመጣው እንዴት እንደሆነም ልብ በሉ። በምዕራፍ 15፥4 ከአብርሃም አብራክ የሚወጣ ልጅ እንደሚወርሰው ተነግሮታል፤ የሣራ ስም የተጠራው ግን ምዕራፍ 17፥16 ላይ ነው። ገና ያልተነገረውን ቦታ በአጋር ሞሉት። እኛም ዘንድ የሚበላሸው እንዲሁ ነው፤ የተነገረው ትክክል ነው፣ ባልተነገረው ላይ ደግሞ የራሳችንን ዘዴ እንሞላለን፤ ዘዴው ጉዳት ሲያመጣም በቃሉ እናሳብባለን።

በዘፍጥረት 15 ውስጥ በጣም የምወደው ነገር አለ። አብርሃም የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየልና የሦስት ዓመት በግ ለሁለት ከፍሎ ትይዩ አስቀመጠ፤ ወፎቹን ግን አልከፈለም። በዚያ ዘመን ኪዳን የሚገባ ሰው በተከፈለው ሥጋ መካከል ያልፍ ነበር፤ ኤርምያስ 34፥18 ትርጉሙን ያሳያል፣ ኪዳኑን ባፈርስ እንደዚህ ልሁን እንደማለት ነው። እዚህ ግን አብርሃም ከባድ እንቅልፍ ወድቆበት ተኝቷል፤ በሥጋው መካከል ያለፈው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። ሸክሙን ሁሉ እግዚአብሔር በራሱ ላይ አደረገው። በዚያው ሰዓትም የማይመቸውን አልደበቀም፤ ዘርህ በባዕድ አገር 400 ዓመት ይጨነቃል ብሎ አስቀድሞ ነገረው (ቁጥር 13)። የመዘግየቱን ልክ ሳይቀር የሚናገር አምላክ በማባበል አይከሰስም።

ዕብራውያን 6፥13–18 ደግሞ ይህን ያጠናክረዋል። ከእርሱ የሚበልጥ ስለሌለ በራሱ ማለ። ተስፋውና መሐላው ሁለቱ የማይለወጡ ነገሮች ናቸው፣ በሁለቱም ሊዋሽ አይቻልም። ያው መልእክት በምዕራፍ 11፥39 ግን በምዕራፉ የተዘረዘሩት የእምነት ሰዎች ሁሉ በእምነታቸው ተመስክሮላቸው ሳለ የተሰጠውን የተስፋ ቃል እንዳላገኙ ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የማይችል ትምህርት ሰው ቀብር ላይ ሲቆም አያግዘውም።

ሊድያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። 1 ሳሙኤል 15 ላይ ቁጥር 11 ሳኦልን ስላነገሠ «ተጸጸትሁ» ይላል፤ ቁጥር 29 ደግሞ እንደ ሰው አይጸጸትም ይላል። ነነዌም ትጠፋለች ተብሎ ሳትጠፋ ቀረች። ይህ ከእውነተኝነቱ ጋር እንዴት ይስማማል? ሁለተኛው «ጌታ ተናግሮሃል» ተብሎለት ያልሆነለት ሰው ነው።

ዕዝራዊ

የመጀመሪያውን ኤርምያስ 18፥7–10 ይፈታዋል። እግዚአብሔር ራሱ ደንቡን ያስቀምጣል፤ አፈርሳለሁ ብዬ የተናገርሁበት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ አላደርገውም፣ አንጻለሁ ብዬ የተናገርሁለትም ክፉ ቢያደርግ መልካሙን እተዋለሁ ይላል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ ባይጻፍም እንኳ፣ «ካልተመለሳችሁ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይዟል። ዮናስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ዮናስ 4፥2 ላይ መጀመሪያ የሸሸሁት መሐሪ እንደሆንህ አውቄ ነው ይላል። ነነዌ ተመለሰች፣ እግዚአብሔርም ባሕርዩ እንደሆነው አደረገ። የሚያስፈራስ ተመልሰው ሳለ ባይቀበላቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ነበር ቃሉ የሚታጠፈው።

ሳኦልም ላይ እንዲሁ ነው። የተለወጠው ሳኦል ነው፤ ቁጥር 11 እግዚአብሔር በዚያ ማዘኑን ይነግረናል። ቁጥር 29 የሚለው ሌላ ነው፤ ንግሥናውን ለሌላ የሰጠበት ፍርድ በሳኦል ልመና እንደማይታጠፍ ነው፤ ሳኦል የሳሙኤልን መጐናጸፊያ ይዞ ሲቀደድ (ቁጥር 27) የነበረውን ቅጽበት አስታውሱ። በዘኍልቍ 23፥19 «ሐሰትን ይናገር ዘንድ እግዚአብሔር ሰው አይደለም» የተባለውም ለባላቅ ነው። ባላቅ በሦስት ቦታ ሰባት ሰባት መሠዊያ አሠርቶ፣ በየመሠዊያው ወይፈንና አውራ በግ አቅርቦ የእግዚአብሔርን ቃል ሊያስለውጥ የሞከረ ንጉሥ ነው። 21 መሠዊያ በረከቱን ወደ እርግማን አልለወጠም። ቃሉ አይገዛም፤ ይህ ለሚያምን ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው፣ በብዙ ስጦታ ላገኘው አልችልም፣ በድህነቴም አላጣውም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ሰውየው በእግዚአብሔር ስም ቆስሏልና። እዚህ ላይ ኤርምያስ 28 ሙሉውን ይነበብ። ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆሞ የቤተ መቅደሱ ዕቃና ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ። አጀማመሩም «የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» የሚል ነበር፤ ከኤርምያስ አነጋገር የሚለየው ነገር አልነበረም። ኤርምያስ ራሱ መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ (ቁጥር 6)። ከዚያ መለኪያውን ሰጠ፤ ስለ ሰላም የሚናገር ነቢይ እግዚአብሔር እንደላከው የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው (ቁጥር 9)። ሐናንያ ይህን የተናገረው በአምስተኛው ወር ሲሆን በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ሁለቱ ዓመት አለፈ፣ ምርኮኞቹም አልተመለሱም። ኢየሩሳሌምም በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፈረሰች። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ የመመለሻውን አዋጅ ያወጣው በ538 ነው፤ ቤተ መቅደሱም እንደገና ታንጾ ያለቀው በ516፣ ከፈረሰ 70 ዓመት በኋላ።

በሐናንያ ቃል የታመኑት ሰዎች በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እግዚአብሔር ዋሸን ብለው ቢሆን ኖሮ የሚያማርሩት ባልተናገረው ነገር ነበር። ስለዚህ እንዲህ ላለው ወንድም በግልጽ መነገር ያለበት፣ ዘዳግም 18፥22 መሠረት ያልሆነው ቃል ከእግዚአብሔር አለመሆኑ ነው። «እምነትህ ጎድሎ ነው» ብሎ ጥፋቱን ወደ ሰሚው ማዞር ግፍ ነው። ተናጋሪውም ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም፣ በተናገረበት ጉባኤ ፊት ስህተቱን ሊያምን ይገባል። 1 ተሰሎንቄ 5፥20–21 ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ ይላል። ጉባኤ ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ ሲይዝ የሚጎዱት የዋሆቹ ናቸው።

ትጉህ

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ መመርመር አያስፈራችሁም? ያዕቆብ 1፥6 የሚጠራጠር በነፋስ እንደሚገፋ የባሕር ማዕበል ነው፣ ከጌታም አንዳች አያገኝም ይላል። እንዲህ ሲመዝኑ መኖር በራሱ ጥርጥር አይሆንም ወይ?

ጽሞና

ወንድም ትጉህ፣ ስጋትህ ይገባኛል፤ ያዕቆብ ግን የሚናገረው ስለ ቁጥር 5 ነው፣ ጥበብ የጎደለው ሰው ሲለምን። በዚያም እግዚአብሔር ሳይነቅፍ በልግስና የሚሰጥ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። የሚነቀፈው ልቡ ሁለት የሆነ፣ ለምኖ ወደ ሌላ የሚሄድ ሰው ነው። አልቅሶ «እስከ መቼ» የሚል ሰው ግን ወደ ሌላ አልሄደም።

መዝሙር 89 ለዚህ ምስክር ነው (በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 88 ነው፣ እንዳትሳሳቱ)። እስከ ቁጥር 37 ድረስ የእግዚአብሔርን ታማኝነትና ለዳዊት የገባውን ኪዳን ይዘምራል። ቁጥር 35 ላይ «ዳዊትን አልዋሽም» የሚል መሐላ አለ። ከቁጥር 38 ጀምሮ ግን አንተ ግን ጣልኸው፣ ዙፋኑን ወደ ምድር ወረወርህ የሚል ክስ ይመጣል፤ ቁጥር 49 ላይ ለዳዊት በእውነትህ የማልኸው የቀድሞ ምሕረትህ ወዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው እዚያ ሳይመለስ መዝሙሩ ያልቃል። ይህን ያህል ጠንካራ ልቅሶ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጸሎት ሆኖ ተቀምጧል። ዘማሪው የሚከስሰው የተነገረውን ቃል ይዞ ነው፤ ታማኝነቱን ባያምን ኖሮ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም ነበር።

ሊድያ በየዕለቱ ምን እናድርግ ብላለች። የያዕቆብ ጸሎት፣ ዘፍጥረት 32፥9–12፣ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ይመስለኛል። ዔሳው 400 ሰው ይዞ እየመጣ ነው። ያዕቆብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን በስሙ ጠርቶ የሰጠውን ትእዛዝ ያነሣል፣ «ወደ ምድርህ ተመለስ ያልኸኝ»። ቀጥሎ ለተደረገለት ቸርነትና እውነት ሁሉ እንደማይገባው ይናገራል፤ ዮርዳኖስን በበትር ብቻ ተሻግሮ አሁን ሁለት ሠራዊት ሆኗልና። ከዚያ ፍርሃቱን በስም ይጠራል፣ ከወንድሜ ከዔሳው እጅ አድነኝ፣ እናትን ከልጆች ጋር እንዳይመታ እፈራለሁ። በመጨረሻም «አንተ ግን መልካም አደርግልሃለሁ ብለሃል» ብሎ የተሰጠውን ቃል ያስቀምጣል።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰጂ። ላይኛው ክፍል ላይ የመረጥሽውን ቃል ሙሉውን ጻፊ፣ ምዕራፉን ከነዙሪያው ካነበብሽ በኋላ። ከሥሩ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያደረገውን፣ በቃሉም በሕይወትሽም የታየውን። ከዚያ ፍርሃትሽን፣ አጠቃላይ ሳታደርጊ፣ በስሙ። መጨረሻ ላይ በሌላ ቀለም እኔ የጨመርሁት ምንድን ነው ብለሽ ጻፊ፤ ቀን ነው? መንገዱ ነው? የሰው ስም ነው? ይህን የጨመርሽውን አትደምስሺው፣ እንደ ልመና አቅርቢው። ልመናና ተስፋ በአንድ ወረቀት ላይ ተለይተው ሲታዩ ልብ ብዙ ያርፋል። ያንኑ ገጽ ለሳምንት ጠዋት ጠዋት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጸልዪው፤ በየቀኑ አዲስ ጥቅስ መለዋወጥ አይጠቅምም።

የሚበላሸው ሰው ጥቅስ የሚፈልገው ጭንቅ ሲመጣ ብቻ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ዓይን የሚመርጠው የሚፈልገውን መልስ የሚመስለውን ነው። በደህናው ቀን የተነበበ ምዕራፍ በክፉው ቀን ከቦታው አይነጠልም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ያዕቆብ ጸልዮ አልተቀመጠም። 200 እንስት ፍየል፣ 20 አውራ ፍየል፣ 200 እንስት በግ፣ 20 አውራ በግ፣ የሚያጠቡ 30 ግመሎች ከነግልገሎቻቸው፣ 40 ላም፣ 10 በሬ፣ 20 እንስት አህያና 10 ወንድ አህያ መርጦ ለዔሳው አስቀደመ። ዳንኤልም 70 ዓመቱን ከኤርምያስ መጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ (9፥2) ይመጣል ብሎ እጁን አላጣጠፈም፣ ወዲያው ጾምና ልመና ያዘ።

ሊድያ

ይህ በጣም ረዳኝ። አንድ የመጨረሻ፤ በጽኑ የታመመ ሰው መድኃኒት መውሰዱ ታማኝነቱን አለማመን ነው የሚሉ አሉ። ምን እንበላቸው?

ቤርያዊው

ኢሳይያስ 38ን አንብቡላቸው። ንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት በነቢዩ በኢሳይያስ በኩል ከእግዚአብሔር ሰምቷል፣ ምልክትም ተሰጥቶታል። ያው ነቢይ ግን ቁጥር 21 ላይ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ ይለጥፉ ይላል። የተረጋገጠ ተስፋ ይዞ ሳለ መድኃኒት ታዘዘለት። ለሕዝቅያስ የተሰጠው 15 ዓመት ደግሞ ለሌላ ታማሚ አልተሰጠም፤ ማንም «ትድናለህ ተብሏል» ብሎ ሐኪም ያዘዘውን እንዲያቋርጥ ሊገፋው አይገባም። ለታመመው ሰው በሙሉ አፍ ልንነግረው የምንችለው ቃል አለ፤ ቢድንም ባይድንም የማይታጠፍ። ዮሐንስ 11፥25ን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት፣ ከቻለ እርሱም ይድገመው፤ ጌታ ያን ቃል የተናገረው ለማርታ፣ ወንድሟ አልዓዛር ገና በመቃብር ሳለ ነው።